አንደኛ ዕጣ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ድምፅም አለኝ አንድ።
ስብሰባው መጋዘን፣ ብርድ ልብስ ክምር ላይ፣ ያውም በዚህ ብርድ።
ውጭ የጠባሴ ነፋስ ቆርቆሮ ያራግፋል፣
ውስጥ አንድ ደብዳቤ ከእጅ እጅ ይተላለፋል፦
«አንደኛውን ዕጣ ብትለቁልን፣
እልፍነሽን ውሰዱ፤ ምላሽ በሦስት ቀን።»
ማኅተሙ የኮምቦልቻ።

ደብረ ብርሃን ቅርጫት ኳስ ከጀመረች ወዲህ፣ ከዚያ ባርኔጣ ውስጥ
ስድስት ወይ ሰባት ነው የወጣልን ቁጥር፤
ዘንድሮ ግን አንድ!
ሸዋንግዛው ወረቀቷን በጥርሱ ነክሷት ነበር፣
እንደ ጠገራ ብር።

አንድ ማለት ትንቢት ናት።
የመሐል ሜዳ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣
እጇ እጅጌዋን ቀድሞ የሚያድግባት፣
ስትዘል፣ እኔ አይቻለሁ፣ መሬቱ የሚረሳት።

እልፍነሽ ደግሞ ሦስት ዋንጫ ያነሳች፣
ሁለት ልጅ ያሳደገች፣
ግራ ጉልበቷን በፋሻ ያሠረች፣
ዓይኗን ሳታዞር ኳስ የምታቀብል፤
ኳሱ ቀድሞ ሄዶ ሰው የሚጠብቅ የሚመስል።

ሸዋንግዛው ተነሣ፦ «ላም አለኝ በሰማይ!
በቃን! የምታውቀው ትምጣና
ዋንጫ በቁማችን እንይ።»

ወርዶፋ ሣቀ። ገንዘብ ያዥ ነው፣ የሸኖ ሰው።
«እኔ የበሬ ጥርስ ቆጥሬ ነው ያደግሁት» አለው።
«ጥርሱ ያለቀ በሬ ትልሙን ያውቀዋል፣
አይስትም፤ ግን ለከርሞ ይታረዳል።
ወይፈን ሰጥቶ እሱን የወሰደ ሰው
በሚያዝያ ይኮራል፣
በሰኔ ቀንበሩን በራሱ ጫንቃ ይሞክራል።»

«ሰኔ እስኪመጣ ፋብሪካው ይታገሠናል?» አሰልጣኟ ጠየቀች።
«ልጅ በትዕግሥት ነው የምትበስል፤
ለትዕግሥት በጀት ተይዞ አላየሁም» ብላ ተቀመጠች።

«የቆጡን አወርድ ብላ…» ጀመረ አንዱ ከኋላ፤
የቷ የቆጡ፣ የቷ የብብቱ እንደሆነች ሳይለይ
ተረቱን ከቆሎው ጋር በላ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሦስት።
ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

አላወቁም፤ ያወቁት ሞተዋል ወይ ረስተዋል።
የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ የወንዶቹ ቡድን ሳይፈርስ፣
ከዚያው ባርኔጣ፣ አንደኛ ዕጣ እኔ ነበርኩ።
በሬሳ ድልድይ ላይ ስሜን በጠመኔ ጽፈውት ነበር።
ሁለት ወር ተጫወትኩ።
አንድ ማለዳ ሲሚንቶው ሜዳ አመዳይ ለብሶ አደረ፤
ጉልበቴ ጮኸ፣ እኔ ዝም አልኩ።
ጠመኔውን ዝናብ ወሰደው።
የኔም ተስፋ ተመነዘረ፦
ወንበር ሆነ፣ መዝገብ ሆነ፣ እስክሪብቶ ሆነና ቀረ።

እጄን ለእልፍነሽ አነሳሁ።
ለልምድ ይሁን፣ ለቂም፣ እስካሁን አልለየሁ።
«በአራት ድጋፍ፣ በሦስት ተቃውሞ» ጻፍኩ፤
ቀለሙ በብርዱ እየረጋ፣ «ድጋፍ» የሚለውን ሁለቴ አደመቅኩ።

በሩን ስከፍት
ትንቢት ደረጃው ላይ ናት።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፋሱ ሲገርፋት፣
ኳሷን ሹራቧ ውስጥ ወትፋ ተቀምጣለች።
«ሲበርደው አይነጥርም» አለች።

«አለቀ?»
«አለቀ።»
«እልፍነሽ ትመጣለች?»
«ትመጣለች።»
ፊቷ በራ፣ ብድግ ስትል በሩን ሞላችው፦
«እሷን አይቼ እኮ ነው ኳስ የነካሁት!
ደሴ ላይ፣ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በአጥር ቀዳዳ ነው ያየኋት።»

ከዚያ ዝም አለች። ቆጠረች መሰለኝ፤
ማን በማን ምትክ እንደወጣ፣
ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚመጣ።

«ታዲያ» አለች፣ ቀስ ብላ፣
«ዓይኗን ሳታዞር ስታቀብል፣ እዚህ፣
ማን ነው የሚቀበላት?»

መዝገቡ ብብቴ ሥር ነበር።
ጠበቅ አደረግኩት፣
እንዳይወድቅ።